ከበርሊን እስከ ሽሮ ሜዳ

የዛሬው ጨዋታዬ ወጣቶቻችን በላፕቶፕ ላይ ጭነው በየቤታቸው ስለሚቀዱባቸው የሙዚቃ ሶፍትዌሮች፣ ከእነዚያም መካከል አንዱን ስለ መምረጥ ነው። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከበቅሎ ነው፤ ስለዚህ ከበቅሎው እንነሳ።

እ.ኤ.አ. በ1908 ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ማለቴ ነው፣ ድምፃቸውን በርሊን ላይ በሸክላ አስቀረጹ፤ በዘፈናችን ታሪክም ቀዳሚዎቹ ሸክላዎች እነዚያ ናቸው። አሁን መንገዱን አስቡት። የጅቡቲው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነበር፤ አዲስ አበባ ግን እስከ 1917 አልገባም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ከሸገር ተነስቶ ባሕር ማዶ የሚሻገር ሰው ስንቁን ያስጭናል፣ በቅሎውን ይለጉማል፣ ከቤተ ዘመድ ይሰናበታል፣ ከዚያም ወይ በጨርጨር ደጋ ወይ በቆላው ሐሩር እየተጓዘ፣ ሲመሽ እየሰፈረ፣ ሲነጋ እየጫነ ድሬዳዋ ይደርሳል፤ ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ፣ ከመርከብ ወርዶ ደግሞ እንደገና በባቡር። ያ ሁሉ አገር የታለፈው ዘፈኑ የሚቀዳበት መሣሪያ እዚያ ማዶ ስለነበረ ነው። ዘፈን መሣሪያው ወዳለበት ይሄድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በተራው ወደ ዘፈኑ መጓዝ ጀመረ፤ እኔም የምተርክላችሁ ይህን ጉዞ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሌስ ፖል የሚባል ጊታር ተጫዋች ነበር። ይህ ሰው ሆሊዉድ ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ጊታር በሸክላ ይቀዳና፣ ያንን እያጫወተ ሁለተኛውን በላዩ ይጨምርና፣ ሁለቱን በአንድነት በሌላ ሸክላ ላይ ይቀዳና፣ ከዚያም ሦስተኛውን፣ ከዚያም አራተኛውን እያለ ይቀጥላል። በ1948 በወጣው «ላቨር» በተሰኘው ሥራው ስምንት ጊታር ይሰማል፤ ስምንቱም እርሱ ራሱ ነው። መጨረሻው ላይ ጣቱ ከተሳሳተች ያ ሸክላ ተጣለ። ሰውየው ግን አልታከተም፤ በ1957 አምፔክስ የተባለው ኩባንያ ስምንት ትራክ ያለው የቴፕ መሣሪያ ሠርቶ ሸጠለት፤ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ተቀምጦ፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሳይነካ የሚታረምበት ጊዜ እንዲህ ሆኖ መጣ።

ከዚያም ጊዜው ነጎደና በ1979 ቲያክ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፖርታስቱዲዮ የሚሉትን መሣሪያ አወጣ፤ እኛ ዘፈን በምንሰማበት በተራው ካሴት ላይ አራት ትራክ የሚቀዳ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 መጀመሪያ፣ በኒው ጀርሲ ክረምት፣ በመኝታ ክፍሉ ሆኖ በዚህ መሣሪያ ዘፈኖቹን ቀዳ። ለባንዱ ማሳያ ይሆናል ብሎ ነበር የቀዳው፤ ካሴቱንም ያለ ማኅደሩ ኪሱ ከትቶ ይዞር ነበር። ከዚያም ትልቅ ስቱዲዮ ገብተው ከባንዱ ጋር ደጋግመው ሞከሩት፤ የመኝታ ቤቱ ካሴት የያዘው ነገር ግን ከየትም አልመጣ አለ፤ በመጨረሻም ያው ካሴት «ኔብራስካ» ተብሎ አልበም ሆኖ ወጣ።

የእኛም ሰው በዚያው ሰሞን እዚያው አገር ነበር። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀርቶ፣ ዋሽንግተን አካባቢ በአንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩን እና የምት ማሽኑን አንድ በአንድ እየደራረበ፣ ብቻውን ባንድ ሆኖ ቀዳ። ያ ካሴት በ1985 ወጣ። በኋላ ዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ በ2013 ያው ሥራ እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማውና መድረክ ላይ መለሰው። ብቻውን በአንድ ክፍል ተቀምጦ ለሚቀዳ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ አብነት አላውቅለትም።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። በ1983 ሚዲ የተባለው መግባቢያ መጣና የአንዱ ኩባንያ ኪቦርድ ከሌላው ጋር መነጋገር ቻለ፤ በ1985 አታሪ ኤስቲ የሚባል ኮምፒውተር የሚዲ ቀዳዳ ከገላው ላይ ተበስቶለት ወጣ፤ ከዚያም ሃምቡርግ ከተማ ያለው ስታይንበርግ በ1989 ኩቤዝን አመጣ። ዛሬ በየስክሪኑ የምታዩት መልክ፣ ጊዜው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ትራኮቹ ከላይ ወደ ታች የሚደረደሩበት፣ ያኔ ነው የተለመደው። ኩቤዝ ግን በመጀመሪያው ጊዜ ኖታውን እንጂ ድምፁን አይቀዳም ነበር። ድምፁን ራሱን ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት የሌሎች ሥራ ሆነ፤ ፒተር ጎቸር እና ኢቫን ብሩክስ የተባሉ፣ ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ሁለት ጓደኛሞች ዲጂዲዛይን የሚባል ኩባንያ መሥርተው፣ በ1991 ፕሮ ቱልስን አወጡ። አራት ትራክ ብቻ ነበረው፤ ዋጋው ወደ 6000 ዶላር። በ1999 የሪኪ ማርቲን «ሊቪን ላ ቪዳ ሎካ» ሙሉ በሙሉ በእርሱ ተሠርቶ የአሜሪካ አንደኛ ዘፈን ሲሆን፣ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ቴፓቸውን ወደ ጎን ማስቀመጥ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላስ ማን ይቆጥረው። ከቤልጅግ ፍሩቲ ሉፕስ መጣ፣ ያው ዛሬ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የምንለው፤ ከዚያችው ከበርሊን በ2001 ኤብልተን ላይቭ መጣ፤ አፕል የጀርመኑን ኢማጂክ በ2002 ገዝቶ ሎጂክን የራሱ አደረገ፤ በ2004 ጋራዥባንድን ከኮምፒውተሮቹ ጋር አብሮ መስጠት ጀመረ። ድሮ በየኢንተርኔት ካፌው ዘፈን የምንሰማበት ዊንአምፕ ትዝ ይላችኋል? እርሱን የሠራው ጀስቲን ፍራንከል ኩባንያውን ለኤ ኦ ኤል ሸጦ፣ ቆይቶም ከዚያ ወጥቶ፣ ሪፐር የሚባል መቅጃ ሠራ። ለድምፅ ብቻ ደግሞ ኦዳሲቲ አለ፤ በነፃ የሚሰጥ፣ ንግግርና ቀላል ቅጂ ለሚሠራ የሚበቃ። እንዲህ ሆኖ መንገዱ አጠረ፤ ምርጫው ግን በዛ፣ ልጆቻችንም ምርጫው ላይ ቆመው ቀሩ።

የእህቴ ልጅ አንዱ ነው። ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማኔዎቹ ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ክራር ይመታል፣ ድምፁም ደህና ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና አሮጌ ጋቢ ሰቅሏል፣ ቁም ሳጥኑን ከነልብሱ ከፍቶ ከጀርባው ያቆመዋል፣ ማይኩን አፉ ድረስ ያስጠጋል። ቀን ቀን ከጎረቤት የሸማኔው መወርወሪያ አያስቀዳውም፤ ማታ ደግሞ ክረምት ነውና ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታዋል። ስለዚህ ልጁ ሸማኔው ለምሳ የሚነሳበትን ሰዓት ይጠብቃል።

አንድ ቀን ሐምሌ እንደ ጠቆረ ከመርካቶ ሳውንድ ካርድ ልንገዛ አብረን ወረድን። ታክሲው በስድስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎ እያለ በጎርፉ መሐል ሲንፏቀቅ፣ መስኮቱ በትንፋሽ ደብዝዞ፣ ልጁ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፦

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ የየራሱን ያወድሳል፤ ኤፍ ኤል ነው የሚለኝ አለ፣ ኩቤዝ ካልሆነ አይሆንም የሚለኝ አለ፣ እርስዎ ምን ይሉኛል?» አለኝ።

«አንተ ምን ትጫወታለህ?» አልኩት።

«ክራር።»

«ክራሩን ትቀዳለህ ወይስ በማውዝ ትሠራዋለህ?»

«እቀዳለሁ እንጂ!»

«እንግዲያው ከዚያ ጀምር።»

ወገኖቼ፣ ይህን የጠየቅሁት በምክንያት ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ከተወለዱበት ሥራ የወረሱት ጠባይ አላቸው። ኤፍ ኤል የተወለደው ምትን በሣጥን በሣጥን ለሚደረድር ሰው ነው፤ ቢት ለሚሠራ ልጅ ከእርሱ የሚፈጥን ጥቂት ነው፣ አንዴ የገዛውም ሰው አዲሱ ሲወጣ ድጋሚ አይከፍልም፤ ይህን ክብር እሰጠዋለሁ። ኤብልተን የተወለደው መድረክ ላይ ቁርጥራጭ ድምፅ እያነሳ እየጣለ ለሚጫወት ሰው ነው። ኩቤዝ ከኖታ ነው የመጣ፤ ቫዮሊኑንም ዋሽንቱንም በኪቦርድ ለሚያቀናብር እጁ የተፍታታ ነው። ሎጂክ በብዙ መሣሪያ ድምፅ ተሞልቶ፣ በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል፤ ግን ማክም አይፓድም ለሌለው ሰው በሩ ዝግ ነው። ፕሮ ቱልስ የስቱዲዮ ሰው ነው፤ ከትልልቅ ስቱዲዮ ጋር ሥራ ለሚቀባበል ይጠቅማል። ሪፐር ከአንድ ማይክና ከአንድ መሣሪያ ጋር ለሚቀዳ፣ ላፕቶፑም ለደከመበት ሰው ይስማማል፤ የራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፣ መልኩም አያማልልም፤ መጫኛው ግን ከ20 ሜጋባይት ብዙም ስለማይርቅ በሞባይል ዳታ እንኳ ይወርዳል።

ልጁ ግን መጀመሪያ የሄደው ወደ ጓደኛው ነበር። ጓደኛውም በፍላሽ ክራክ የተደረገ ትልቅ ፕሮግራም ሰጠው፤ ልጁም ጫነው፤ ላፕቶፑም ታመመች። አንድ መዝሙር ቀድቶ እያስተካከለ ሳለ ፕሮግራሙ ደርቆ ቀረ፣ ሲከፍተው ፋይሉ የለም። አብሮ የገባው ቫይረስ ፎቶዎቹንም ወሰደበት። እኔን ያሳዘነኝ የቫይረሱ ነገር ብቻ አይደለም። በካሴቱ ዘመን ዘፋኞቻችን ላባቸው በየመንገዱ እየተባዛ ሲሸጥ ስንት አመት አለቀሱ! የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ የወጣው ከዚያ ሁሉ ለቅሶ በኋላ ነው። ነገ የራሱ ዘፈን እንዳይሰረቅበት የሚሻ ልጅ ዘፈኑን በተሰረቀ ዕቃ ሊቀዳ አይገባውም፤ ይህን ነገርኩት፣ እርሱም አንገቱን ደፋ። ከዚያም ሁሉን አጥፍቶ፣ ላፕቶፑን አጽድቶ፣ ሪፐርን ከራሱ ድረ ገጽ አወረደ። ሪፐር ለ60 ቀን ሙሉ ሆኖ ይሞከራል፤ ከዚያ ወዲያ ለግል ተጠቃሚ 60 ዶላር ነው።

ከዚያም ሦስት ነገር አስተካከለ፤ እናንተም የትኛውንም ብትመርጡ ይህ አይቀርላችሁም። አንደኛው መዘግየት ነው። ዘፋኙ ማይኩ ላይ ሲዘፍን ድምፁ ኮምፒውተር ገብቶ በሄድፎኑ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል፤ ያ ጊዜ ከረዘመ ዘፋኙ ከራሱ ድምፅ ጋር ይጣላል። በዊንዶውስ ላይ ይህን ለማሳጠር ስታይንበርግ በ1997 ኤሲዮ የሚባል መንገድ አውጥቷል፤ ስለዚህ የሳውንድ ካርዱን የራሱን ኤሲዮ መጫን፣ ከዚያም ድምፁ ለአፍታ የሚጠራቀምበትን ቋት (በፈር) ሲቀዱ ማሳነስ፣ ሚክስ ሲያደርጉ ማስፋት ነው። ቋቱ 256 ሳምፕል ከሆነ፣ በ48 ኪሎኸርዝ፣ መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ ከ5 ሚሊሰከንድ ትንሽ ይበልጣል፤ ይህ ክራር ለሚመታ ሰው የሚቻል ነው። ሁለተኛው መብራት ነው። የላፕቶፗ ባትሪ ስለደከመ፣ መብራት በሄደ ቁጥር አብራ ትሄዳለች፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ በየጥቂት ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አዘዘው። ሦስተኛው ግን ሰፊ ነው፤ እርሱን በደንብ ስሙኝ።

ልጁን ማሲንቆ ያስተማሩት አዛውንት አሉ፤ የመንዝ ሰው ናቸው። ለዘፈኑ ማሲንቆ እንዲገቡለት ለመናቸውና አንድ ቀን በጭቃው ቀስ እያሉ፣ ማሲንቆውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ከብብታቸው አድርገው መጡ። ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አራገፉ። ልጁ ወንበር ሰጣቸው፣ ሻይ አቀረበላቸው፣ ከዚያም ሄድፎኑን በእጁ ይዞ፦

«አባባ፣ ጆሮዎ ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ይሰማሉ፤ እርሱን ይከተሉልኝ» አላቸው።

አዛውንቱ አድምጠው፣ አውልቀው፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ እርሱ እኔን ይከተለኝ እንጂ እኔማ እርሱን አልከተልም» አሉ።

እነሆ ወገኖቼ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ አራት በአራት ሆነው፣ በደቂቃ 120 ምት እየቆጠሩ ይጠብቋችኋል። የእኛ ጭክጭካ ግን ስድስት በስምንት ነው የሚረግጠው፤ ማሲንቆውማ ሲያሻው ይዘገያል፣ ግጥሙ ሲከብድ ይቆማል። ድምፁም እንዲሁ ነው። የባለ ማሲንቆ ጣት በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ስታርፍ ተሳስታ አይደለም፤ ቤቷ እዚያ ነው። አንዲ ሂልደብራንድ የተባለ፣ ቀድሞ የነዳጅ ፈላጊዎችን የምድር ሞገድ ሲመረምር የነበረ መሐንዲስ በ1997 ኦቶቱን አወጣ፤ ያ መሣሪያ ሳያስተካክሉት ከተለቀቀ ያቺን ጣት ይዞ ወደ ቅርቡ ቁልፍ ይጎትታታል፣ አንቺሆዬ የተባለችው ቅኝትም አንቺሆዬ መሆኗ ይቀራል። መሣሪያው ከበርሊን እስከ ሽሮ ሜዳ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ የመጨረሻዋን እርምጃ ዘፈኑ ይሂድልኝ ካለ፣ መምጣቱ ምን ረባን? ፕሮግራም ስትመርጡ ይህችን የመጨረሻ እርምጃ ማን እንደሚራመድ ጠይቁ፤ እኔ የምፈርደው በዚህ ነው።

ደግነቱ የሚራመዱ አሉ። ምቱ ሳይቆጠር የተጫወተውን ሰምቶ ፍጥነቱን የሚከተል በሎጂክም በኩቤዝም አለ። ኤብልተን በ2024 በወጣው በ12ኛው ላይ ከፒያኖው የተለየ ቅኝት ማስገባት ፈቅዷል። በሪፐር ደግሞ ምቱን ስድስት በስምንት ማድረግ፣ ድምፁን ወደ መስመሩ የሚጎትተውን ስናፕ ማጥፋት፣ ከቀረጻው በኋላም የፍጥነት ምልክቱን ተጫዋቹ በረገጠበት ቦታ ሁሉ በእጅ ማኖር ይቻላል። ልጁ ይህንኑ አደረገ። ጠቅ ጠቁን አጠፋ፤ አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ልባቸው ተጫወቱ፤ ጎረቤት ያለው ሸማኔ መወርወሪያውን አስቀምጦ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ከዚያም ልጁ ሲመሽ ተቀምጦ፣ እርሳቸው የረገጡበትን እየተከታተለ ምልክቱን አኖረ፤ በማግሥቱም ክራሩን በእርሳቸው ላይ ቀዳ።

ከዚያም የአጎቱ ልጅ አለ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ባስ ጊታር የሚጫወት። እርሱ ያለው ማክና ሎጂክ ነው፤ የአንዱን ፕሮግራም ፕሮጀክት ሌላው አይከፍተውም። ስለዚህ ልጁ እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻው በዌቭ፣ በ24 ቢት፣ ሁሉም ከዜሮ እንዲጀምር አድርጎ አወጣ፤ ክራሩ መሐል ላይ ቢገባም እንኳ ባዶውን ከፊቱ ይዞ ነው የሚወጣው፣ እንዲህ ካልሆነ ማዶ ያለው ሰው ቦታውን አያገኘውም። የአንድ ሞኖ ትራክ አንዱ ደቂቃ ወደ 8.6 ሜጋባይት ይመዝናል፤ የአምስት ደቂቃ ዘፈን አሥራ አንድ ትራክ ሲሆን ግማሽ ጊጋባይት ሊደርስ ምንም አይቀረው። ማታ ኔትወርኩ ሲለቅ ጫነውና ተኛ። ባሱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተመልሶ ሲመጣ ልክ በቦታው ተቀመጠ፤ አዛውንቱ በዘገዩበት ዘግይቶ፣ በቆሙበት ቆሞ።

የ60 ዶላሩ ነገር ቀርቶ ነበር። ከዚህ ሆኖ በካርድ መክፈል ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም፤ የአጎቱ ልጅ ግን ለእንቁጣጣሽ ምን ልላክልህ ሲለው፣ ልጁ ልብስም ስልክም አላለም፣ ፈቃዱን ግዛልኝ አለ። ተገዛለት።

አሁን የቀረው ከበሮው ነው። ጓደኛው በኤፍ ኤል ልሥራልህ ብሎት ነበር፤ ሠርቶም አሰማው፣ ጥሩ ነው፤ ልጁ ግን ማሲንቆውን በእውነተኛ ከበሮ ማጀብ ፈልጓል። ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያቆም ግቢው ውስጥ ሊቀዱ ተቀጣጥረዋል፤ ለከበሮው ሁለት አፍ ሁለት ማይክ ስለሚያስፈልግ አንዱን ያ ጓደኛው ይዞ ይመጣል፤ ሸማኔውም ያን ዕለት ከሰዓት ሥራውን ሊያቆምላቸው ቃል ገብቷል።